የማመንጫችንን የውሃ ፍጆታ በ20 በመቶ ለመቀነስ ከየት እንጀምር?

የፈረቃ ኬሚስት፦

ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው 300 ሜጋዋት በሚያመነጭ፣ ቦይለሩ በጋዝ በሚነድ የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ የውሃ ኬሚስትሪ ክፍል ውስጥ ነው። አስተዳደሩ ከወንዝ የምንስበውን ውሃ በ20 በመቶ እንድንቀንስ ወስኗል። እስካሁን የቀረቡት ሐሳቦች ሦስት ናቸው። አንደኛው ከማቀዝቀዣ ማማው ሆን ተብሎ የሚለቀቀውን ጨዋማ ውሃ (ብሎውዳውን) በሪቨርስ ኦስሞሲስ፣ ማለትም ጨው በማያሳልፍ ስስ ሜምብሬን፣ አጣርቶ ወደ ማማው መመለስ ነው። ሁለተኛው የከተማ ፍሳሽ ማጣሪያ አክሞ የሚለቀውን ውሃ በቧንቧ ማስመጣት ሲሆን፣ ሦስተኛው ደግሞ ማማውን ትቶ እንፋሎቱን በአየር ብቻ በሚያቀዘቅዝ ኮንደንሰር (ከተርባይኑ የወጣውን እንፋሎት ወደ ውሃ በሚመልስ መሣሪያ) መተካት ነው። ሦስቱም ከፍተኛ በጀት የሚጠይቁ በመሆናቸው ሪፖርቱን ከመጻፌ በፊት ልምድ ያላችሁን መጠየቅ ፈለግሁ።

ለፍርድ እንዲመቻችሁ ያህል፣ በሙሉ ጭነት ከማማው የሚተነው ውሃ በስሌት 540 ሜትር ኪዩብ በሰዓት ገደማ ነው። የሚዘዋወረው ውሃ ኮንዳክቲቪቲ (ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ፣ የጨዋማነቱ መለኪያ) ከወንዙ ውሃ ሦስት እጥፍ ያህል ነው። በወንዙ ውሃ ውስጥ በሊትር 28 ሚሊግራም ሲሊካ አለ። የኮንደንሰሩ ቱቦዎች ናስ ናቸው።

ማማ ጠባቂ፦

ከሦስቱ በአንዱም አይጀምሩ። የጻፏቸው አራት አሃዞች መልሱን ከሞላ ጎደል ይዘውታል።

ኮንደንሰራችሁ ለአካባቢው የሚያስረክበው ሙቀት 400 ሜጋዋት ያህል መሆን አለበት። አንድ ኪሎግራም ውሃ ሲተን ይዞት የሚሄደው ሙቀት 2400 ኪሎጁል ገደማ ስለሆነ፣ ማማው ሥራውን የሚሠራው ውሃ በማትነን ነው፤ ትነቱን ልቀንስ ቢሉ ተርባይኑን ከመቀነስ በቀር መንገድ የለም። የሚቀነሰው ሌላው ወጪ ነው። ውሃው ሲተን ጨው ወደ ኋላ ይቀራል። ጨው እየበዛ ሄዶ በቱቦዎቹ ላይ ድንጋይ እንዳይሠራ፣ ከገንዳው የተወሰነ ውሃ ሆን ተብሎ ይለቀቃል፤ ብሎውዳውን የምንለው ይህንኑ ነው። የሚዘዋወረው ውሃ ከመጪው ውሃ ስንት እጥፍ ጨዋማ እንደሆነ የሚነግረንን ቁጥር ደግሞ በተለምዶ ሳይክል እንለዋለን። ለብክነት የሚሄደው ውሃ ትነቱን ከሳይክሉ አንድ ተቀንሶ በሚቀረው ቁጥር በማካፈል ይገኛል።

በእናንተ አሃዝ እንሥራው። በ3 ሳይክል የሚባክነው 270፣ ከወንዝ የሚሳበው 810 ሜትር ኪዩብ በሰዓት ይሆናል። በ4 ሳይክል የሚሳበው 720፣ በ5 ሳይክል 675፣ በ6 ሳይክል 648 ነው። ከ810 ወደ 648 መውረድ ማለት ደግሞ ልክ 20 በመቶ ነው። አንድም ሜምብሬን ሳይገዛ፣ አንድም ቧንቧ ሳይዘረጋ ማለት ነው። ነገር ግን ከዚያ በላይ መውጣት ጥቅሙ እየሳሳ ይሄዳል። ከ3 ወደ 5 ሲወጡ 135 ሜትር ኪዩብ በሰዓት ያተርፋሉ፤ ከ5 ወደ 10 ለመውጣት ብዙ ኬሚካልና ብዙ ጭንቀት ከፍለው የሚያገኙት 75 ብቻ ነው።

ጀማሪ መሐንዲስ፦

ይቅርታ፣ ከጉዳዩ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ሁልጊዜ ያምታታኛል። ወንዝ ዳር ያሉና ማማ የሌላቸው ማመንጫዎች ውሃውን አንድ ጊዜ በኮንደንሰር አሳልፈው ወደ ወንዙ ይመልሱታል። ማማ ያላቸው ግን ውሃውን በትነት ያጠፉታል። ታዲያ የማማ ማመንጫ ውሃ ቆጣቢ የሚባለው ለምንድን ነው?

ማማ ጠባቂ፦

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሪፖርቶችም የሚሳሳቱት እዚሁ ላይ ነው። መሳብና መፍጀት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያሳልፈው ዓይነት ለአንድ ሜጋዋት ሰዓት ከ100 ሜትር ኪዩብ በላይ ውሃ ሊስብ ይችላል፤ ሞቆ ቢሆንም አብዛኛውን ግን ይመልሳል። ማማ ያለው የሚስበው ከ2 እስከ 4 ሜትር ኪዩብ ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ ውስጥ አብዛኛውን በትነት ይፈጃል። ስለዚህ በመሳብ ረገድ ማማው እጅግ ቆጣቢ ነው፤ በመፍጀት ረገድ ደግሞ አባካኙ እሱ ነው። ወንዙ ሲሞቅና ሲጎድል ግን ብዙ መሳብ ራሱ አደጋ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2003 የአውሮፓ የበጋ ሙቀት ወቅት በፈረንሳይ በርካታ የኑክሌር ማመንጫዎች ምርታቸውን የቀነሱት የሚፈጁት ውሃ አልቆ አልነበረም፤ የሚመልሱት ሙቅ ውሃ ቀድሞውንም የሞቀውን ወንዝ ከተፈቀደው በላይ እንዳያሞቀው ነው።

የቆጣሪ ሰው፦

ከማማ ጠባቂ ስሌት ጋር ጠብ የለኝም። ሆኖም «ሳይክሉን ከፍ አድርጉ» የሚለው ምክር ያለ ቁጥጥር ሲተገበር ምን እንደሚያመጣ በዓይኔ ስላየሁ፣ እኔ የደረሰብኝን ልንገራችሁ።

ቀድሞ በምሠራበት ማመንጫ ሳይክሉን ከ3 ወደ 6 እንድናሳድግ ታዘዝን። የብሎውዳውን ቫልቩ የሚከፈተውና የሚዘጋው በኮንዳክቲቪቲ መለኪያ ትእዛዝ ነበር። መለኪያው በአንድ ጎን ቧንቧ ላይ የተተከለ፣ ጣት የሚያህል ዘንግ ነው። በጎን ቧንቧው ውስጥ ፍሰቱ ደካማ ስለነበር ዘንጉ ቀስ በቀስ በአልጌና በዝቃጭ ተሸፈነ። የተሸፈነ ዘንግ ከእውነተኛው ዝቅ አድርጎ ያነባል። ስለዚህ ውሃው እየጨመረ ሲጨው መለኪያው «ገና ነው» እያለ ቫልቩን ዘግቶ ያዘው። በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ስክሪን ላይ ሁሉም ነገር አረንጓዴ ነበር፤ አለቆቻችንም የውሃ ቆጣሪው በመውረዱ ተደስተው ነበር። በሁለተኛው ወር የኮንደንሰሩ ቫኩም መውረድ ጀመረ። መጀመሪያ አየር እየገባ መስሎን ስንት ቀን ፍንጣቂ ስንፈልግ ከረምን። በመጨረሻ ኮንደንሰሩ ሲከፈት የቱቦዎቹ ውስጠኛ ግድግዳ እንደ እንቁላል ቅርፊት ነጭ ሆኖ፣ በጥፍር ቢፍቁት የማይነሣ ድንጋይ ለብሶ ተገኘ። ሦስት ወር ያጠራቀምነው የውሃ ቁጠባ ቱቦዎቹን በአሲድ ለማጠብ በቆምንባቸው ቀናት ተበላ።

ስለዚህ ለፈረቃ ኬሚስት የምለው ይህን ነው። በስክሪኑ ሳይክል አይመኑ። በተለይ ፒኤች ለማውረድ ሰልፈሪክ አሲድ የምትጨምሩ ከሆነ አሲዱ ራሱ ኮንዳክቲቪቲውን ስለሚለውጠው ቁጥሩ አሳሳች ነው። ክሎሪን የሚጨመር ከሆነም በክሎራይድ ማስላት ያሳስታል። ማግኒዚየምን በሚዘዋወረውና በወንዙ ውሃ ለክተው የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ያካፍሉ። ከዚያ በእጅ በተለካው ሳይክል የሚገኘውን ጠቅላላ ብክነት ከብሎውዳውን ቆጣሪው ንባብ ጋር ያነጻጽሩ። ሁለቱ ካልገጠሙ፣ ልዩነቱ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው።

የፈረቃ ኬሚስት፦

እጅግ አመሰግናለሁ። አሲድ እንጨምራለን፤ ማግኒዚየሙን በሚቀጥሉት ቀናት እለካለሁ። ነገር ግን 6 ሳይክል ላይ አንድ እንቅፋት ይታየኛል። 28 ሚሊግራም ሲሊካ በ6 ሲባዛ 168 ይሆናል። እኛ ዘንድ ደግሞ ከ150 እንዳናልፍ ነው የሚመከረው።

ማማ ጠባቂ፦

ትክክል ነዎት፣ ያንን ዘልዬው ነበር። የካልሲየም ካርቦኔት ድንጋይ በአሲድ ይሟሟል፤ የሲሊካ ድንጋይ ግን በተለመደው አሲድ ንቅንቅ አይልም። ለሲሊካ 150ን እንደ አጥር ይያዙት። በ5 ሳይክል 140 ስለሚሆን ጣሪያችሁ 5 ነው፤ ይህም ወደ 17 በመቶ ያህል ቁጠባ ይሰጣችኋል። የቀረውን ከትንንሾቹ ፍሰቶች ይልቀሙ። ከቦይለሩ የሚወጣው ብሎውዳውን ከወንዙ ውሃ እጅግ የጠራ ስለሆነ ከቀዘቀዘ በኋላ ለማማው ይሆናል። የአሸዋ ማጣሪያዎች የሚታጠቡበት ውሃ ጭቃው ከረጋ በኋላ ወደ መጀመሪያው ገንዳ ሊመለስ ይችላል። የዲሚን ክፍላችሁ (ለቦይለሩ ጨው አልባ ውሃ የሚያዘጋጀው) በሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚሠራ ከሆነ ከሚገባው ውሃ ሩብ ያህሉን ጨዋማ ብሎ ይጥላል፤ ይህ የተጣለ ውሃ ከወንዙ ውሃ አራት እጥፍ ያህል የጨወ ነው። ለማማው እንዳይሰጡት፣ ሲሊካውም አብሮ ስለሚመጣ፣ ወለል ለማጠብና ለመሰል ሥራ ይዋል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚቆጨኝ ግን የናሙና መውሰጃው ነው። በላቦራቶሪያችሁ ግድግዳ ላይ ቀንና ሌሊት የሚንጠባጠቡት ቀጫጭን ቧንቧዎች፣ 12 ቢሆኑና እያንዳንዳቸው በደቂቃ አንድ ሊትር ቢያፈሱ፣ በቀን 17 ሜትር ኪዩብ ገደማ ነው። ብዛቱ አይደለም ጉዳዩ፤ በማመንጫው ውስጥ ካለው ሁሉ የጠራው፣ በብዙ ወጪ የተዘጋጀው ውሃ መሆኑ ነው። መመርመሪያ ኬሚካል ያልገባበትን መስመር ሰብስቦ ወደ ዑደቱ መመለስ የአንድ ታንክና የአንድ ትንሽ ፓምፕ ሥራ ነው።

ናስና ቲታኒየም፦

ስለ ሁለተኛው ሐሳብ፣ ስለ ከተማው የታከመ ፍሳሽ፣ ማንም ስላላነሣው ልግባበት። ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም። ድርቅ ሲመጣ ወንዝ ይጎድላል፤ የከተማ ፍሳሽ ግን ሰው እስካለ ድረስ አይቋረጥም። በዚህ ረገድ ሁሉም የሚጠቅሰው በአሪዞና በረሃ፣ ከፊኒክስ በስተምዕራብ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለውን የፓሎ ቬርዴ የኑክሌር ማመንጫን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 1988 ባለው ጊዜ ሥራ የጀመሩት ሦስት ሪአክተሮቹ ባሕርም ሐይቅም ትልቅ ወንዝም አጠገባቸው የለም። የሚቀዘቅዙት ከከተማ ፍሳሽ ማጣሪያ በ60 ኪሎ ሜትር ገደማ ቧንቧ በሚመጣ ውሃ ሲሆን፣ መጠኑ በዓመት 75 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ያህል ነው።

ግን ሰዎች የማይናገሩት ነገር አለ። ያ ማመንጫ ውሃውን እንደመጣ አይጠቀምበትም። ግቢው ውስጥ ራሱን የቻለ ትልቅ የማጣሪያ ፋብሪካ አለው። በዚያ መጀመሪያ ባክቴሪያ አሞኒያውን ይበላል፤ ቀጥሎ በኖራ አማካይነት ካልሲየሙ፣ ማግኒዚየሙ፣ ፎስፌቱና ሲሊካው እንዲረጋ ይደረጋል፤ ከዚያም ይጣራል። ሳይክሉን ከ20 በላይ ማድረስ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ድንጋይ የሚሠሩት ነገሮች ማማው ጋ ከመድረሳቸው በፊት ወጥተዋል።

እናንተ ግን ቱቦዎቻችሁ ናስ ናቸው። አሞኒያ የናስ ጠላት ነው። ናስ ውስጣዊ ውጥረት ባለበት ቦታ፣ አሞኒያና ኦክስጅን ሲገናኙ፣ ያለ ምንም ቅድመ ምልክት ይሰነጠቃል። ከዓመታት በፊት ያማከርኩት አንድ ማመንጫ የታከመ ፍሳሽ ከማማው ውሃ ጋር መቀላቀል ጀምሮ፣ የማጣሪያ ጣቢያው በቀዝቃዛ ወራት አሞኒያውን በሚገባ ሳያስወግድ ሲቀር፣ የኮንደንሰር ቱቦዎቹ አንድ በአንድ መሰንጠቅ ያዙ። ቱቦ ሲሰነጠቅ የማማው ጨዋማ ውሃ በቫኩሙ ተስቦ ወደ ቦይለሩ ንጹሕ ውሃ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ኬሚስት ለሆኑት ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም። በተጨማሪም አሞኒያ ክሎሪኑን ይበላዋል፤ የማጽዳት ኃይሉ ሲደክም ዝቃጭና ሌጂዮኔላ የተባለው የሳንባ በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ይራባሉ። ማማው ደግሞ ጠብታ ወደ አየር የሚረጭ መሣሪያ መሆኑን አንርሳ። ቱቦዎቹ በማይዝግ ብረት ወይም በቲታኒየም እስኪተኩ ድረስ ይህን ሐሳብ ለይደር ያቆዩት።

የቆጣሪ ሰው፦

ከታከመ ፍሳሽ ካልቀረ፣ በካሊፎርኒያ ያለው የጋይሰርስ የጂኦተርማል መስክ ደግሞ ሌላ ዓይነት አጠቃቀም ያሳያል። እንፋሎቱ ተመንጥቆ ተመንጥቆ የመሬት ውስጥ ግፊቱ ሲደክም፣ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ከሌክ ካውንቲ፣ ከ2003 ጀምሮ ደግሞ ከሳንታ ሮዛ ከተማ የታከመ ፍሳሽ እየመጣ ወደ ትኩሱ ዓለት ይገባል፤ እንፋሎት ሆኖም ይመለሳል። ለዚህኛው ጥያቄ አይረዳም፤ የፍሳሽ ውሃ ግን ለማማ ብቻ እንዳልሆነ ለማስታወስ ያህል ነው።

ደረቅ አየር፦

ሁላችሁም ስለ ጠብታ ትከራከራላችሁ፤ ትልቁን ውሃ የሚያድነው ግን ሦስተኛው ሐሳብ ነው። የደቡብ አፍሪካው የኤሌክትሪክ ኩባንያ ኤስኮም ይህን ከተረዳ ቆይቷል። ማቲምባ የተባለው ማመንጫው እያንዳንዳቸው 665 ሜጋዋት የሆኑ ስድስት ክፍሎቹን ሙሉ በሙሉ በአየር ያቀዘቅዛል። ኬንዳል ደግሞ ውሃው በዝግ ቱቦ ውስጥ እየተዘዋወረ 165 ሜትር ከፍታ ባላቸው ደረቅ ማማዎች የሚቀዘቅዝበት ነው። እርጥብ ማማ ያላቸው ማመንጫዎች ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 2 ሊትር ገደማ ሲፈጁ፣ ደረቆቹ የሚፈጁት ከዚያ አንድ አሥረኛውን ያህል ነው። 20 በመቶ ሳይሆን 90 በመቶ ማለት ነው። ለምን በግማሽ መፍትሔ እንረካለን?

ማማ ጠባቂ፦

ወንድሜ ደረቅ አየር፣ የጠቀሷቸው ማመንጫዎች ገና ሲነደፉ ጀምሮ ደረቅ ሆነው የተሠሩ ናቸው። የተጠየቅነው ግን ስለ ቆመ ማመንጫ ነው።

ነገሩን በአንድ ሞቃት ቀን እንየው። አየሩ 38 ዲግሪ ሆኖ ደረቅ ቢሆን፣ እርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለበት ቴርሞሜትር 22 ዲግሪ ያነባል። እርጥብ ማማ የሚከተለው ይህንን ዝቅተኛውን ቁጥር ስለሆነ ውሃውን ወደ 27 ዲግሪ ያወርደዋል፤ እንፋሎቱም በ40 ዲግሪ ገደማ ውሃ ይሆናል። በዚህ ሙቀት የኮንደንሰሩ ግፊት 7.4 ኪሎፓስካል ያህል ነው። በአየር የሚቀዘቅዘው ግን የሚከተለው 38ን ነው፤ እንፋሎቱ ውሃ የሚሆነው በ60 ዲግሪ አካባቢ፣ በ20 ኪሎፓስካል ነው። የቆየ ተርባይን የመጨረሻ ምላጮቹ ለዚህ ግፊት አልተሠሩም፤ ብዙዎቹ ከዚያ ሳይደርሱ ራሳቸውን ያጠፋሉ። ይህም የሚሆነው ኤሌክትሪክ በጣም በሚፈለግበት ቀን ነው። ለአዲስ ማመንጫ ከሆነ ከእርስዎ ጋር እቆማለሁ። ለዚህኛው ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ደረቅ አየር፦

የተርባይኑን ነገር እቀበላለሁ። ነገር ግን ሁሉንም መተካት ግዴታ አይደለም። ከነባሩ ኮንደንሰር ጎን ትንሽ የአየር ኮንደንሰር ተክሎ የእንፋሎቱን የተወሰነ ክፍል ወደዚያ መምራት ይቻላል። በቀዝቃዛ ወራት አየሩ ብዙውን ይሸከማል፤ በሞቃት ቀን ማማው ይረከባል። ሪፖርቱ ላይ ቢያንስ አንድ አንቀጽ ይገባዋል።

ጨው ሰብሳቢ፦

እኔ ከብሎውዳውን አንዲት ጠብታ በማይለቅ ማመንጫ ውስጥ ስለምሠራ ስለ አንደኛው ሐሳብ ልናገር። 140 ሚሊግራም ሲሊካ የያዘ ብሎውዳውን በቀጥታ ወደ ሪቨርስ ኦስሞሲስ ቢሰጡ፣ ግማሹን ውሃ ብቻ አጣርተው እንኳ የቀረው 280 ይሆናል። ሜምብሬኑን ማጠብ፣ ማጠብ፣ መቀየር፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ እንደሚባለው ነው። ሲሊካው መጀመሪያ በኖራና በማግኒዚየም ማለስለሻ መውጣት አለበት። የማለስለሻው ዝቃጭ ደግሞ በየቀኑ በመኪና ይጫናል፤ የእኛ ሰዎች በቀልድ «የውሃ ማመንጫ ሳይሆን የጭቃ ፋብሪካ ነን» ይላሉ።

ከዚያ የሚተርፈውን ጨዋማ ውሃ በትነት መሣሪያ ማድረቅ ይመጣል። መሣሪያው ለአንድ ሜትር ኪዩብ ከ20 እስከ 25 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል። 135 ሜትር ኪዩብ በሰዓት ሙሉውን በዚያ ቢያሳልፉ 3 ሜጋዋት ገደማ፣ ማለትም ከምርታችሁ አንድ በመቶው ይበላል። አንዳንዶች «ኃይሉን ለማመንጨት የሚጠፋው ውሃ የዳነውን ይበልጣል» ሲሉ እሰማለሁ፤ ይህ ግን ስሕተት ነው። ለ3 ሜጋዋት የሚተነው 5 ወይም 6 ሜትር ኪዩብ በሰዓት ብቻ ነው። የሚከብደው ኃይሉና የጨው ክምሩ ነው። እኛ ወደዚህ የገባነው ፍሳሽ እንዳንለቅ በሕግ ስለተከለከልን ነው። እናንተ የመልቀቂያ ፈቃድ ካላችሁ አትቸኩሉ።

የፈረቃ ኬሚስት፦

ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው የምጽፈው፤ ስለ መዘግየቴ ይቅርታ።

ማግኒዚየሙን ለካሁ። ስክሪኑ 3 የሚለው ሳይክል በእጅ ሲለካ 2.8 ሆነ። በዚህ ስሌት ጠቅላላ ብክነቱ 300 ሜትር ኪዩብ በሰዓት መሆን ሲገባው፣ የብሎውዳውን ቆጣሪው የሚያነበው 255 ነው። የቀረውን 45 ለመፈለግ ከአንድ የማማ ኦፕሬተር ጋር ሁለት ሌሊት አደርን። በሁለተኛው ሌሊት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ጭነት ሲቀንስ፣ የገንዳው ትርፍ ውሃ መውጫ ቧንቧ የሚገባበትን የዝናብ ውሃ ጉድጓድ ክዳን አንሥተን በባትሪ አየን፤ ዝናብ ከዘነበ ወር ያለፈው ቢሆንም ውስጡ ሙሉ ቧንቧ ውሃ ይንዶለዶል ነበር። የገንዳው ተንሳፋፊ ኳስ ማንጠልጠያው ታጥፎ ቫልቩን እስከ መጨረሻው አይዘጋውም፤ ውሃው ከገንዳው ጠርዝ ሥር ባለው ቧንቧ ስለሚሄድ ከላይ ለሚያልፍ ሰው አይታይም። ኦፕሬተሩ «ይህን ድምፅ ለዓመታት ስሰማው የፓምፕ ድምፅ ነበር የሚመስለኝ» አለኝ።

ማንጠልጠያው ተቀየረ። የኮንዳክቲቪቲው ዘንግ ፍሰት ወዳለበት መስመር ተዛውሮ በየሰኞው እንዲጸዳ በፈረቃ መዝገቡ ላይ ገብቷል። የናሙና ቧንቧዎቹ ታንክ ታዟል። የታከመው ፍሳሽ ቱቦዎቹ እስኪቀየሩ ድረስ እንዲቆይ ጽፌያለሁ፤ ለአቶ ደረቅ አየርም አንቀጹን አልነፈግሁም።

ከዚያ ወዲህ ብሎውዳውኑን በየሁለት ቀኑ ጥቂት ጥቂት እየቀነስኩ ሲሊካውን ጠዋትና ማታ እለካለሁ። ዛሬ ጠዋት 131 አነበብኩ፤ ይህ ማለት ከ4.7 ሳይክል አጠገብ ነን፣ የምንስበውም ከቀድሞው በ18 በመቶ ቀንሷል። ቫኩሙ ከቦታው አልተነቃነቀም። ቫልቩን ሐሙስ ዕለት ሌላ ሩብ ዙር እዘጋዋለሁ።